ተሽከርካሪ ነጥብ አይደለም፦ ስለ ጦርነት ጨዋታ መንገድ ፍለጋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ

«ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የስልት ጦርነት የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራን ነው። ታሪኩ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የጣልያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ዓባይ ሲያፈገፍግ የነበረውን ማሳደድ ይመለከታል። እግረኛው ደህና ይንቀሳቀሳል። ተሽከርካሪዎቹ ግን አበሳችንን አሳይተውናል። ሉማሜ አካባቢ ባለው ሜዳ ላይ ምንም በሌለበት ይጠማዘዛሉ። መንገድ አጠገባቸው እያለ በእርሻ መሃል ይሄዳሉ። ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ኩርባውን ቆርጠው ገደል አፋፍ ላይ ይንጠለጠላሉ። ድልድዩ ላይ ሁለት ኮንቮይ ከተገናኘ ጨዋታው እስኪዘጋ ድረስ ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ። አፈግፍጉ ስንላቸው ደግሞ ጀርባቸውን ለጠላት ሰጥተው ይዞራሉ። መንገድ የምንፈልገው በኤ ስታር ነው፤ የየሳጥኑን ዋጋ እየደመረ በጣም ርካሹን መንገድ በሚፈልገው ስሌት ማለት ነው። ካርታው 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆኑ ሳጥኖች ተከፍሏል፤ የሜዳ ዋጋ 1፣ የመንገድ 0.5 ሲሆን ከ30 ዲግሪ በላይ ያጋደለ ቦታ ዝግ ነው። የመሬቱን ከፍታ የወሰድነው በነፃ ከሚገኘው የራዳር መረጃ ነው። ኤ ስታርን ትተን ሌላ ዘዴ እንፈልግ?»

ምላሽ

ኤ ስታርን አትተዉት። ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ካደረጉት ወዲህ ብዙ ዘዴ መጥቶ ሄዷል፤ እሱ ግን ዛሬም ከቦታው አልተነቃነቀም። የተጠየቀውን በትክክል ይመልሳል። ጉድለቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። እናንተ የጠየቃችሁት እንዲህ ብላችሁ ነው፦ «ስፋት የሌለው፣ ባለበት ቆሞ ወደፈለገው አቅጣጫ መዞር የሚችል፣ በምድር ላይ ብቻውን ያለ አንድ ነጥብ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የትኞቹን ሳጥኖች ቢረግጥ ይረክስለታል?» እሱም መለሰላችሁ። ለእግረኛ ወታደር ይህ ጥያቄ ከሞላ ጎደል ይስማማዋል፤ እግረኛችሁ ደህና የሚሄደውም ለዚህ ነው። የጭነት መኪና ግን ወርድና ርዝመት አለው። መሪው እስከተወሰነ ድረስ እንጂ ከዚያ በላይ አይጠመዘዝም። ፊትና ኋላ አለው። ከፊቱም ከኋላውም ሌላ መኪና አለ። ለበቅሎ የተጠረገ መንገድ ለተሳቢ ሰጥታችሁ መኪናው ገደል ለምን ገባ ትላላችሁ።

የዘረዘራችኋቸው ችግሮች አንድ ምንጭ የላቸውም፤ እያንዳንዱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከሜዳው ልጀምር፤ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። በነፃ ከሚገኙት የራዳር ከፍታ መረጃዎች በብዛት የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር የሰበሰበችው ነው። የእናንተም እሱ ይመስለኛል። በዚህ መረጃ ውስጥ በሁለት ነጥቦች መካከል 30 ሜትር ያህል ርቀት አለ፤ ከፍታው የሚመዘገበውም በሙሉ ሜትር ነው። 2,410 ወይም 2,411 እንጂ በመካከላቸው ሌላ ቁጥር የለም። እናንተ ይህንን ወደ 1 ሜትር ሳጥን ስትቀይሩ ቅርብ ያለውን ቁጥር ዝም ብላችሁ ገልብጣችሁት ከሆነ፣ ውጤቱ 30 ሜትር ለጥ ያለ ሜዳ፣ ቀጥሎ በአንዲት ሳጥን ውስጥ 1 ሜትር ከፍ የሚል ደረጃ ነው። በ1 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ከፍታ ማለት 45 ዲግሪ ነው። ገደባችሁ 30 ነው። ስለዚህ በዓይን የማይታይ ግንብ ሜዳው ላይ ተሠርቷል ማለት ነው፤ መኪናው የሚጠማዘዘው ያንን ግንብ እየዞረ ነው። ከደብረ ማርቆስ ደጀን ድረስ የተጓዘ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን አልተጓዘም።

መፍትሔው ሁለት ነው። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ከፍታ በለሰለሰ ሁኔታ አስሉት፤ ደረጃው ይጠፋል። ከዚያ ተዳፋቱን በአጎራባች ሳጥኖች መካከል ሳይሆን በተሽከርካሪው ርዝመት ልክ ለኩት። 7 ሜትር የሆነ የጭነት መኪና አንዲት ትንሽ ጉብታ ቢረግጥ አይገለበጥም። ደግሞም ዛፍ ባለበት ቦታ ራዳሩ ብዙውን ጊዜ ያየው ዛፉን እንጂ መሬቱን አይደለም፤ የባሕር ዛፍ ተክል ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለ ደን በካርታችሁ ላይ ኮረብታ መስሎ ሊወጣ ይችላል። እነዚህን በእጅ ማረም ግድ ነው።

ሸለቆው ላይ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። በነጥቦቹ መካከል 30 ሜትር ያህል ርቀት ያለው መረጃ ገደሉን ያለሰልሰዋል፤ ቀጥ ያለው አፋፍ መካከለኛ ቁልቁለት ሆኖ ይቀርባል። ቦረቦርማ ጭራሽ አይታይም። እንግዲህ ሜዳው ላይ የሌለ ግንብ፣ ሸለቆው ላይ የጠፋ ገደል አላችሁ። የገደሉን አፋፍ በእጃችሁ መስመር አስምሩና ዝጉት። መንገዱንም እንዲሁ፤ የተራራው ጎን ላይ የተቆረጠ መንገድ በወርዱ በኩል ለጥ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው ወደ ጎን አጋድሎ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ «መንገድ እያለ በእርሻ መሃል» የሚለው። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስለሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ኤ ስታር እያንዳንዱን ሳጥን ሲመዝን ሁለት ነገር ይደምራል፤ እስካሁን የተከፈለውን ዋጋና እስከ መድረሻው የሚቀረውን ግምት። ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ በፍጹም መብለጥ የለበትም። ካልበለጠ በጣም ርካሹን መንገድ እንደሚያገኝ የተረጋገጠ ነው፤ ከበለጠ ግን ዋስትናው ይጠፋል። እናንተ ግምቱን በቀጥታ ርቀት፣ ሜትሩን በ1 የምታሰሉት ይመስለኛል። መንገዱን ደግሞ 0.5 አድርጋችሁታል። ግምቱ መንገዱን በእጥፍ አስወደደው ማለት ነው።

አንድ መኪና 200 ሜትር ወደ ፊት መሄድ አለበት እንበል። በቀጥታ በእርሻው ቢሄድ 200 ይከፍላል። በጎን በኩል ግን መንገድ አለ፤ 50 ሜትር ወደ ጎን፣ 200 ሜትር ወደ ፊት፣ 50 ሜትር ተመልሶ፤ በጠቅላላው 300 ሜትር በ0.5 ሲባዛ 150 ብቻ ነው። መንገዱ ይሻላል። ነገር ግን ፈላጊው በመንገዱ 50 ሜትር ወደ ጎን ሲወጣ 25 ከፍሏል፤ የሚቀረው ግምት ደግሞ ከ206 በላይ ነው፤ ድምሩ 230 ያልፋል። በእርሻው በኩል ያለው ድምር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 200 ነው። ስለዚህ መንገዱን ሳይመረምረው ያልፋል። 200 ከፍሎ 150ውን ሳያየው ቀረ።

«መንገዱን 1፣ ሜዳውን 2 እናድርገው» ብትሉ ይሠራል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ እላለሁ፦ ዋጋን በሰከንድ አስሉ። መንገድ ላይ ይህ መኪና በሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? የታረሰ ማሳ ላይስ? ግምቱ ደግሞ የቀረው ርቀት ለተሽከርካሪው ከፍተኛ ፍጥነት ሲካፈል ይሆናል። ማንም ከራሱ ከፍተኛ ፍጥነት በላይ ስለማይሄድ ግምቱ መቼም አይበልጥም። ከዚህም በላይ የሆነ ጥቅም አለው፤ መዞር፣ ማርሽ መቀየር፣ ቆሞ ተራ መጠበቅ ሁሉም ጊዜ የሚወስዱ ነገሮች ስለሆኑ በአንድ መስፈሪያ ይሰፈራሉ። «መንገድ 0.5፣ ዳገት 3» የሚል ሠንጠረዥ ግን የማን ሦስት እንደሆነ ማንም አያውቅም። እያንዳንዱ ዓይነት ተሽከርካሪ የራሱ የፍጥነት ሠንጠረዥ ይኑረው፤ የጭነት መኪና የማይችለውን ሰንሰለት ያለው ይችለዋል። ታሪካችሁ መጋቢት ላይ ስለሆነ ጭቃውን ለጊዜው ተዉት፤ የክረምት ምዕራፍ ከጨመራችሁ ግን መረሬ አፈር ላይ ለጎማ ተሽከርካሪ የምትሰጡት ፍጥነት ዜሮ ቢሆን ማንም ጎጃሜ አይቃወማችሁም።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት ነው፤ መንገዱም ኩርባ በኩርባ ነው። ተሳቢ የሚነዳ ሾፌር ኩርባው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል፤ መጀመሪያ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ይወጣል፣ ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት ይቀንሳል፣ ከዚያ መሪውን ይሰብራል። የእናንተ መኪናዎች ከነዚህ አንዱንም አያደርጉም።

ኩርባ የሚቆርጡበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መስመሩን የምታቀኑበት መንገድ ነው። ከሳጥኖች የሚወጣ መንገድ መጋዝ ስለሚመስል ሁሉም ሰው ያቀናዋል፤ ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ያለው ቀጥታ መስመር ክፍት ከሆነ በመካከል ያሉትን ነጥቦች መሰረዝ ነው። ጥያቄው «ክፍት» የሚባለው ለማን ነው የሚለው ነው። የምትፈትሹት በቀጭን መስመር ከሆነ መንገዱ የድንጋዩን ጥግ ታክኮ ያልፋል፤ የመኪናው ግማሽ ወርድ ድንጋዩ ውስጥ ነው። ለዚህ ካርታው ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ ለእያንዳንዱ ሳጥን እስከ ቅርብ እንቅፋት ወይም አፋፍ ያለውን ርቀት አስልታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ፍለጋውም ማቅናቱም «ይህ ሳጥን ለእኔ ግማሽ ወርድና ለትንሽ መጠባበቂያ ይበቃል?» ብሎ ይጠይቅ። የጣልያኖቹ ትንሽ ታንክ ወርዱ 1.4 ሜትር ያህል ስለሆነ 1 ሜትር ይበቃዋል። ከ2 ሜትር በላይ ወርድ ላለው የጭነት መኪና ወደ 1.7 ሜትር አድርጉት። በግማሽ ርዝመት የሚያሰሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አታድርጉት። 7 ሜትር ለሆነ መኪና 3.5 ሜትር ባዶ ቦታ ስትጠይቁለት መንገዱንም ድልድዩንም «አይበቃኝም» ብሎ እምቢ ይላል፤ እናንተም ሌላ ችግር ተፈጠረ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።

ሁለተኛው የኋላ ጎማ ነው። መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 4 ሜትር ያለውን መኪና ውሰዱ። የፊት ጎማው 8 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ሲዞር የኋላው የሚዞረው በ6.9 ሜትር ክብ ላይ ነው፤ 64 ሲቀነስ 16፣ የ48 ካሬ ሥር። ከ1 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጠባብ መንገድ ላይ 1 ሜትር የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። መስመሩን የምትከተሉት በመኪናው መሃል ወይም በፊት ጎማው ከሆነ በኋላ ጎማው ቀይሩት፤ ኩርባው ላይ የፊቱ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ልክ ሾፌሩ እንደሚያደርገው።

ሦስተኛው የሾፌሩ ዓይን ነው። አብዛኛው ጨዋታ መኪናውን የሚነዳው በመንገዱ ላይ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ነጥብ መርጦ ወደ እርሷ መሪውን በማዞር ነው። ነጥቧ ሩቅ ከሆነች መኪናው ወደ እርሷ አቋርጦ ይሄዳል፤ ኩርባው ተቆረጠ። በጣም ቅርብ ከሆነች ደግሞ መሪው ግራ ቀኝ ይዋልላል፤ እንደ ሰካራም። በሜዳ ላይ የተመቸ ርቀት ዓባይ በረሃ ላይ ገዳይ ነው። ስለዚህ ርቀቱን ከፍጥነቱ ጋር አያይዙት፤ ፍጥነቱን ደግሞ ከፊት ካለው ኩርባ ጋር። የኩርባው ራዲየስ 10 ሜትር ከሆነና ወደ ጎን የሚገፋው ፍጥንጥነት በሰከንድ በሰከንድ ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ ከወሰናችሁ፣ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰከንድ 4.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋናው ነገር ፍሬኑን ከኩርባው በፊት መያዝ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን የሚፈልገው ርቀት ረዘም ይላል።

አንዳንዱ ኩርባ በአንድ ጊዜ የማይዞር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ወደኋላ ይመልሳል፣ ረዳቱ ወርዶ የመኪናውን ጎን እየደበደበ ይመራዋል፣ እንደገና ወደፊት። ይህንን ኮምፒውተር የሚያሰላበት ዘዴ አለ። ሊስተር ዱቢንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደፊት ብቻ ለሚሄድ፣ ሪድስና ሼፕ ደግሞ በ1990 ወደኋላም ለሚመለስ ተሽከርካሪ አጭሩ መንገድ ምን እንደሚመስል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ሰው አልባ መኪናዎች ሲወዳደሩ ሁለተኛ የወጣው የስታንፎርድ መኪና የተጠቀመበት ሃይብሪድ ኤ ስታር የሚባለው ዘዴም ከሳጥኑ ጋር የመኪናውን አቅጣጫ አብሮ ይፈልጋል። ፈተናው ብዛቱ ነው። 512 በ512 የሆነ ካርታ 262,144 ሳጥኖች አሉት፤ ለእያንዳንዱ 16 አቅጣጫ ስትሰጡት ከ4 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ሃያ መኪና በአንድ ጊዜ ይህንን ቢፈልግ ኮምፒውተራችሁ ይቆማል።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ መንገድ ላይ ጨርሶ ሳጥን አትፈልጉ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ድልድዩ ያለውን መንገድ ራሳችሁ እንደ አንድ የተሳለ ጥምዝ መስመር አስቀምጡት፤ መገንጠያዎቹና ከተሞቹ ብቻ መጋጠሚያ ነጥቦች ይሁኑ። መኪናው «መንገድ ላይ ነኝ» ካለ መስመሩን ይከተል፤ በቃ። ኩርባውን እናንተ በእጃችሁ ስላስተካከላችሁት ገደል የሚገባበት ምክንያት የለም። አቅጣጫ ያለውን ከባድ ፍለጋ ከመንገድ ለመውጣት፣ ወደ መንገድ ለመመለስና በጠባብ ቦታ ለመዞር ብቻ አስቀምጡት፤ እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ተራው ኤ ስታር ካገኘው መስመር ግራ ቀኝ ጥቂት ሜትር ብቻ አካልላችሁ። ይህ «ብልህ አይደለም» የሚሉ አሉ። ሰው የሠራውን መንገድ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ እንዲያገኘው ማድረግ ምኑ ብልህነት እንደሆነ ለእኔ አይገባኝም።

ኮንቮይ ሲሆን ለሃያ መኪና ሃያ ጊዜ መንገድ አይፈለግም። ፊተኛው ይፈልግ፤ የሄደበትን ይመዝግብ፤ የተቀሩት ያንን ፈለግ ይከተሉ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ግን በፈለጉ ላይ ለኩት እንጂ በቀጥታ አትለኩት። ዓባይ በረሃ ላይ ይህ ወሳኝ ነው። ከታች ባለው መታጠፊያ ላይ ያለ መኪና ከላይኛው መታጠፊያ ላይ ካለው ጋር በካርታው ላይ ሲታይ 10 ሜትር ብቻ ይራራቁ ይሆናል፤ በመንገዱ ሲሄዱ ግን 150 ሜትር ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ከለካችሁ የኋለኛው «ልጋጨው ነው» ብሎ ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላው ያለውም ይይዛል፣ ኮንቮዩ ያለ ምክንያት ቆመ። የግጭት መከላከያውም እንዲሁ የከፍታ ልዩነትን ይመልከት፤ ሦስት አራት ሜትር ከራሴ በላይ ያለ መኪና አያሳስበኝም።

ድልድዩ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዴቪድ ሲልቨር ብዙ ተንቀሳቃሾች ሳጥኖችን በጊዜ እየተከፋፈሉ የሚይዙበትን ዘዴ አሳይቷል፤ «ይህች ሳጥን በ12ኛው ሰከንድ የእኔ ናት» እንደማለት። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጥይት በሚተኮስበት፣ ሾፌር በሚሞትበት ጨዋታ ላይ ግን የ12ኛው ሰከንድ ቀጠሮ አይከበርም። ለድልድዩ አንድ ተራ አስከባሪ ሹሙለት። ድልድዩ በአንድ ጊዜ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈቀዳል። ተራው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ መኪና ሳይሆን ለኮንቮዩ ነው፤ አለበለዚያ ሁለቱ ወገኖች አንድ በአንድ እየተፈራረቁ ኮንቮዮቹ ይበጣጠሳሉ። ሌላው ወገን ተስፋ እስኪቆርጥ እንዳይጠብቅም ለአንድ አቅጣጫ የጊዜ ገደብ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ አለ፤ የመቆለፉን ችግር በዋናነት የሚፈታው እሱ ነው፦ ከድልድዩ ማዶ የመቆሚያ ቦታ ከሌለ ማንም መኪና ድልድዩ ላይ አይውጣ። ይህ ሕግ ሳይኖር ተራ ብትሰጡም ፊተኛው ወጥቶ ይቆማል፣ የኋለኛው ድልድዩ ላይ ይቀራል፣ የማዶኛው መውጫ ይዘጋል። በጠባብ መንገድ ላይ ሁለቱ ከተገናኙ ደግሞ ሾፌሮቻችን የሚያደርጉትን አድርጉ፤ ዳገት የሚወጣው ቅድሚያ ያግኝ፣ የሚወርደው ጥግ ይያዝ።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው መንገዱን በየፍሬሙ፣ ማለትም ማያው ላይ ምስሉ በታደሰ ቁጥር፣ እንደገና ከመፈለግ ነው። ከድንጋይ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት መንገዶች ዋጋቸው ሊቀራረብ ይችላል፤ መኪናው ትንሽ ወደ ግራ ሲል ቀኙ ይረክሳል፣ ወደ ቀኝ ሲል ግራው። በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል። አዲሱ መንገድ ከያዘው ቢያንስ 15 በመቶ ካልረከሰ አይቀይር። ፍለጋውም በሰዓት ሳይሆን በምክንያት ይሁን፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ትእዛዝ ሲመጣ፣ መኪናው ከመስመሩ ሲወጣ።

አንዳንድ ሰዎች መኪናዎቹ እርስ በርስ እንዲያልፉ አድርጉና ተገላገሉ ይሏችኋል። አሳፋሪ ዘዴ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ስታርክራፍት በተባለው የስልት ጨዋታ ማዕድን የሚያመላልሱት ሠራተኞች በሥራ ላይ እያሉ እርስ በርስ አይጋጩም፣ ማንም ቅር አላለውም። መኪና በራሱ ወገን እግረኛ መሃል ቢያልፍ እኔም ግድ የለኝም። በእናንተ ጨዋታ ግን መኪና በመኪና ውስጥ ማለፍ የለበትም። አርበኛው ኩርባው ላይ አድፍጦ ፊተኛውን መኪና ሲመታ ኋላ ያለው ሁሉ መቆም አለበት፤ የአርበኛው መሣሪያ መንገዱ ራሱ ነው። ስለዚህ መዘጋቱን አትደብቁት፤ በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጉት። የተቃጠለው መኪና እንቅፋት ሆኖ ካርታው ላይ ይመዝገብ፤ ወሬው ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይድረስ። ከኋላው ያለው ሾፌር አይቶ ይቁም፣ ከእርሱ ኋላ ያለው እሱን አይቶ ይቁም፣ ገና ደጀን ያለው ጭስ እስኪያይ ድረስ መጓዙን ይቀጥል። ከባድ ተሽከርካሪ ካለ ወደፊት ወጥቶ የተቃጠለውን ወደ ገደል ይግፋው፤ ይህንን ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ ለተጫዋቹ የተኩስ ጊዜ ነው።

ወደኋላ ማፈግፈግን በመጨረሻ ያመጣሁት ኮዱ ትንሽ፣ ውጤቱ ግን ከባድ ስለሆነ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ ግንባር ከጣልያን ትንንሽ ታንኮች ጋር ሲገናኝ የሆነው ይታወቃል። የእነዚያ ታንኮች መትረየስ ግንባራቸው ላይ የተተከለ ስለሆነ ወደ ጎን ጥቂት ይላል እንጂ ዞሮ አይተኩስም። ድንጋያማና ጠባብ ቦታ ላይ መዞር አቃታቸው፤ የእኛ ሰዎች በጎንና በኋላ ተጠግተው ላያቸው ላይ ወጡ። ለእንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ፊቱ ወዴት ነው የሚለው ከቆመበት ቦታ እኩል ዋጋ አለው። የእናንተ ፈላጊ ግን ስለ ፊት ምንም አያውቅም፤ መድረሻው ከኋላ ነው፣ ስለዚህ ይዞራል።

ዋጋን በሰከንድ ካደረጋችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ለመዞር የሚፈጀው ጊዜ፣ የኋላ ማርሽ ለማስገባት የሚፈጀው ጊዜ፣ ወደኋላ የሚሄድበት ዝቅተኛ ፍጥነት ሲደመሩ፣ መድረሻው ቅርብ ከሆነ ወደኋላ መሄድ ራሱ ይረክሳል። በዚያ ላይ ጠላት ከፊት መኖሩ የሚታወቅ ከሆነ ጎኑንና ጀርባውን ለሚያጋልጥበት ለእያንዳንዱ ሰከንድ ተጨማሪ ዋጋ ጨምሩበት። ከዚህ አልፋችሁ የተጫዋቹን ሐሳብ ለመገመት አትሞክሩ። «ሂድ» እና «ፊትህን ሳትመልስ አፈግፍግ» ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ይሁኑ፤ ለየብቻ ቁልፍ ስጧቸው። ተጫዋች የሚናደደው ኮምፒውተሩ ሲሳሳት ብቻ አይደለም፤ ያላዘዘውን ሲፈጽምም ነው።

ሥራውን ከከፍታው መረጃ ጀምሩ፤ እሱ ሳይጠራ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ ያሳስታል። ቀጥሎ ዋጋውን ወደ ሰከንድ ቀይሩ፣ መንገዱን በጥምዝ መስመር ሳሉ፣ ከዚያ ኮንቮዩንና ድልድዩን አንሡ። በእያንዳንዱ ደረጃ ማያው ላይ ሦስት መስመሮች በተለያየ ቀለም ይታዩ፦ ፈላጊው ያገኘው፣ ከተቃና በኋላ ያለው፣ መኪናው በእውነት የሄደበት። የመጀመሪያው ከተበላሸ ጥፋቱ የካርታው ወይም የዋጋው ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ የማቅናቱ ነው፤ ሦስተኛው ብቻ ከሆነ የሾፌሩ ነው። የቆመ መኪና ሁሉ ደግሞ ለምን እንደቆመ በአንድ ቃል ራሱ ላይ ይጻፍበት፤ «ተራ»፣ «እንቅፋት»፣ «ፈለግ ጠፋ»፣ «ትእዛዝ የለም»። ምንም ሳይጻፍበት የቆመ መኪና ካገኛችሁ የዚያን ሳጥን ቁጥርና ሦስቱን መስመሮች የሚያሳይ ምስል ላኩልኝ።